ዓሣን መብላት በብልኃት

አባቶቻችን «ዓሣን መብላት በብልኃት» ሲሉ የተናገሩት ስለ እሾሁ ነው። የዓሣ ሥጋው ለስላሳ፣ ጣዕሙም ያማረ ሆኖ ሳለ፣ ቸኩሎ የጎረሰውን ሰው በጉሮሮው ላይ ይቀጣዋልና፣ ተመጋቢው በጣቱ እየዳሰሰ፣ በምላሱም እየለየ በዝግታ እንዲበላው መከሩ። ይህ ምክር ለሰው ሁሉ የተሰጠ ነው። ለነፍሰ ጡር ሴት ግን ከሁሉ ይልቅ ይገባታል፤ እርስዋ በአንድ ማዕድ ላይ ሁለት ሆና ትቀመጣለችና። ደግሞም በጣት የማይዳሰስ፣ በምላስም የማይለይ ሌላ እሾህ አለ።

የዚህ የማይታይ እሾህ ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው ባልበሰለ ዓሣ ላይ የሚገኘው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ሁለተኛው በአንዳንድ ትልልቅ ዓሦች ሥጋ ውስጥ የሚጠራቀመው ሜርኩሪ የተባለው መርዝ ነው። የመጀመሪያውን እሳት ያጠፋዋል፤ ሁለተኛውን ግን እሳት አያጠፋውምና የምናመልጠው በምርጫና በልክ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ካለማወቅ የተነሣ አንዱ የማያስፈራውን ፈርቶ የሚጠቅመውን ይተዋል፤ ሌላው ደግሞ ሊፈራው የሚገባውን ሳይፈራ ከጉዳቱ ላይ ይወድቃል።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በ2016 ዓ.ም. ከቤተ ዘመዳችን ሁለት ሴቶች በአንድ ወራት ነፍሰ ጡር ሆነው፣ አንደኛይቱ በድፍረት፣ ሁለተኛይቱ በፍርሃት መንገድ ስትሄድ በማየቴ ነው። አንደኛይቱ የእኅቴ ልጅ ናት፤ ከባሏ ጋር በሐዋሳ ትኖራለች። ሁለተኛይቱ የልጄ ሚስት ስትሆን፣ ኑሮዋ በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን አጠገብ በቨርጂኒያ ነው።

በዚያ ዓመት ለጥምቀት በዓል ወደ ሐዋሳ ወርጄ ነበር። ሐዋሳን የሚያውቅ ሁሉ አሞራ ገደል የሚባለውን የዓሣ ገበያ ያውቃል። ጠዋት ታንኳዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ አጥማጆቹ ቆሮሶውን ከመረቡ ያወጣሉ፤ ልጆቹም ፈጠን ባለ እጅ ቆዳውን ገፍፈው ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። ከገበያተኛው ብዙው ዓሣውን አስጠብሶ ወይም ሾርባ አሠርቶ ሲበላ፣ አንዳንዱ ግን ጥሬውን ሥጋ በሎሚና በዳጣ እያጠቀሰ እዚያው ይመገባል። ይህ የአካባቢው የቆየ ልማድ ነው፤ ጤነኛ ሰው ስለበላው እኔ አልፈርድበትም።

የእኅቴ ልጅ ግን በዚያን ጊዜ ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ጥሬው ዓሣ በሳሕን ቀርቦ እጅዋን ስትሰድ ባየሁ ጊዜ ከለከልኋት።

«አክስቴ፣ ይህ እኮ አሁን ከውኃ የወጣ ነው፤ ደግሞም ሎሚው ያበስለዋል፤ ምን ያሰጋዎታል?» አለችኝ።

«ልጄ፣ ትኩስነቱ እውነት ነው፤ ሎሚ ግን መልኩን ያነጣዋል እንጂ አያበስለውም። ዳጣውም ቢሆን የሚያቃጥለው የአንቺን አፍ ነው እንጂ ተሕዋሱን አይደለም» አልኋት።

እርስዋ ቅር ብሏት ዝም አለች። ባሏ ግን አንዲት ቃል ሳይጨምር ሳሕኑን አንሥቶ ወደ መጥበሻው ሄደና፣ ሥጋው እስኪበስል ድረስ ቆሞ ጠብቆ መልሶ አመጣላት። እኔም ከዚያ ቀን ነገር ሁሉ ይልቅ ይህ ሥራው በልቤ ቀረ፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ጥሬ ዓሣ ለነፍሰ ጡር የማይስማማው ስለ ምን እንደ ሆነ መግለጽ ይገባል። በጥሬ ዓሣ ውስጥ የትል እጭና ልዩ ልዩ ተሕዋስያን ሊገኙ ይችላሉ። ከእነዚህ መካከል ሊስቴሪያ የሚባለው ለእርጉዝ ሴት ከሌሎቹ ይልቅ ክፉ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከላት እንደሚገልጹት፣ ነፍሰ ጡር ሴት ከሌላው ሰው ይልቅ 10 ጊዜ ያህል ለዚህ ሕመም የተጋለጠች ናት። ክፋቱም በሁለት ነገር ነው። በመጀመሪያ፣ ይህ ተሕዋስ ብርድ አይበግረውም፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ ይራባል። በሁለተኛ ደረጃ፣ እናቲቱን እንደ ጉንፋን ያለ ቀላል ትኩሳትና ቁርጥማት ብቻ አሳይቶ፣ ወደ ፅንሱ አልፎ ሊያስወርዳት፣ ወይም ልጁ ሞቶ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ትኩሳት ሲሰማት «ብርድ ነው» ብላ ተሸፋፍና መተኛት የለባትም፤ ፈጥና ወደ ሐኪም ቤት ትሂድ፤ ምን እንደበላችም ሳትደብቅ ትናገር።

መድኃኒቱ ግን በየቤታችን ያለው እሳት ነው። የዓሣው ሥጋ እስከ ውስጡ ድረስ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ተሕዋሱ ይጠፋል። በቤቱ የሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው ምልክቱን ይመልከት፤ እንደ መስተዋት የሚያሳልፈው ጥሬ ሥጋ ፈጽሞ ሲነጣ፣ በሹካ ሲነካም በቀላሉ እየተፈረፈረ ከአጥንቱ ሲለቅ፣ በስሏል ማለት ነው። ሙሉውን ቆሮሶ በዘይት የሚጠብሱ እናቶች በዚህ ላይ ይጠንቀቁ፤ ቆዳው ወርቅ መስሎ ሳለ በጀርባው አጥንት ዙሪያ ያለው ሥጋ ገና ጥሬ ሆኖ ይገኛልና፣ ጎኑን በቢላዋ ተልትሎ እሳቱን መጠን አድርጎ ማቆየት ይገባል። የዓሣ ክትፎና ለብ ለብ የተደረገ ዱለትም ከጥሬው ተለይተው አይታዩም። በውጭ አገር ያሉት ደግሞ ሱሺ የሚባለውን ጥሬ ዓሣና፣ ሳይበስል በጭስ ብቻ ታሽቶ በማቀዝቀዣ የሚሸጠውን ሳልሞን እስኪወልዱ ድረስ ይተዉት። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ ያዘጋጀላቸው ዓሣ በፍም ላይ የተቀመጠ ነበር፤ ለእርጉዝ እናትም የሚቀርበው ዓሣ እንደዚሁ እሳት ያገኘው ይሁን።

ወደ ሁለተኛይቱ ልመለስ። ምራቴ አስቀድሞ አንድ ፅንስ በሦስተኛው ወር ወጥቶባታል። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ለማግኘት ቢመረምሩም ያገኙት ነገር አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. ዳግመኛ በፀነሰች ጊዜ፣ ሐኪሟ በሳምንት ሁለት ጊዜ ዓሣ እንድትበላ ቢመክራትም፣ እርስዋ ግን በዓሣ ውስጥ ሜርኩሪ እንዳለ ሰምታ ስለ ነበር ዓሣ የሚባለውን ሁሉ ከቤቷ አስወጣች። ልጄ ተጨንቆ በስልክ አገናኘን።

«እማማ፣ የመጀመሪያውን ያጣሁት በምን እንደ ሆነ የነገረኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ የሚያጠራጥረኝን ሁሉ ከአፌ አራቅሁ። እርስዎስ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አለችኝ።

እንዲህ ላለው ኀዘን የችኮላ መልስ የለውም። ፍርሃቷም ከባዶ የመነጨ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956፣ በጃፓን አገር ሚናማታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ ያልታወቀ በሽታ መነሣቱ ተነገረ። ሰዎች እጅና እግራቸው ይንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው ይፈዝ፣ አንደበታቸው ይታሰር ጀመር። በኋላ ሲመረመር፣ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ወደ ባሕሩ ካፈሰሰው ቆሻሻ ጋር የሄደው ሜርኩሪ በዓሦቹ ሥጋ ውስጥ ተከማችቶ፣ ዓሣውን የሚመገበውን ሕዝብ እንደ መረዘ ታወቀ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን፣ እነርሱ ራሳቸው ደኅና የሚመስሉ እናቶች አንጎላቸው የተጎዳ ሕፃናትን መውለዳቸው ነው። መርዙ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ወደ ፅንሱ እንደሚደርስ ዓለም አጥብቆ የተረዳው ከዚያ መከራ ነው። በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሕዛብ ስለ ሜርኩሪ የተስማሙበት ውል እስከ ዛሬ በሚናማታ ስም ይጠራል።

ነገር ግን የሚናማታን ታሪክ የሰማ ሰው ዓሣ ሁሉ እንደዚያ ነው ብሎ እንዳያስብ፣ መርዙ የሚጠራቀምበትን መንገድ ማወቅ አለበት። ሜርኩሪ በጥቂቱ በየውኃው ይገኛል። በውኃ ውስጥ የሚበቅለው ረቂቅ ተክል ጥቂት ይወስዳል፤ ተክሉን የሚበላው ትንሽ ዓሣ ከዚያ ጥቂት ይጨምራል፤ ትንሹን ዓሣ የሚበላው ትልቅ ዓሣ ደግሞ የበላቸውን ሁሉ መርዝ በአንድ ሥጋ ያከማቻል። ስለዚህ ብዙ ዘመን የኖረው፣ ሌላውን ዓሣ እያሳደደ የሚበላው ትልቁ ዓሣ ነው የሚያሰጋው። አፈ ሰይፍ የሆነው ሶርድፊሽ፣ ሻርክ፣ ማርሊን፣ ኪንግ ማኬሬልና ቢግአይ የሚባለው ትልቁ ቱና ለነፍሰ ጡር የተከለከሉት ስለዚህ ነው። ሰርዲንን የመሰለ ትንሽና ዕድሜው አጭር የሆነ ዓሣ፣ እንዲሁም ሳልሞንና ቆሮሶ ግን ሜርኩሪያቸው ዝቅተኛ ነው።

ይህ ነገር በራሳችን ሐይቅም የታየ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 እና በ2007 የታተሙ የሐዋሳ ሐይቅ ጥናቶች፣ ተክል የሚመገበው ቆሮሶ ሜርኩሪው እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ ሌላ ዓሣ መብላት የጀመረው ትልቁ ቢልጫ ግን ከፍ ያለ እንደሚገኝበት አመልክተዋል። ስለዚህ የእኅቴን ልጅ ጥሬውን ተዪ ስላት ቆሮሶውን ተዪ ማለቴ አልነበረም፤ የበሰለ ቆሮሶ ለእርስዋ ከሚስማሙት ምግቦች አንዱ ነውና።

የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ባደሱት ምክር፣ ነፍሰ ጡር ሴት ሜርኩሪያቸው ዝቅተኛ ከሆኑት ዓሦች በሳምንት ከ225 እስከ 340 ግራም ያህል እንድትበላ ይመክራሉ። ይህም በእጅ መዳፍ ልክ የሆነ ቁራጭ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማለት ነው። በቆርቆሮ ከሚሸጠው ቱና ፈካ ያለው ዓይነት ከዚህ ልክ ሳያልፍ ይበላል፤ አልባኮር የተባለው ነጩ ቱና ግን በሳምንት ከአንድ ጊዜ አይበልጥም፤ በዚያም ሳምንት ሌላ ዓሣ አይጨመርበትም።

ዓሣን ፈጽሞ መተውም የራሱ ጉዳት አለው። የፅንሱ አንጎልና ዓይን የሚሠሩበት ዲ ኤች ኤ የሚባል የስብ ዓይነት ከዓሣ በብዛት ይገኛል። ተልባችንም የዚህ ስብ ዘመድ የሆነ ዘይት አለው፤ ነገር ግን ሰውነታችን ከተልባው ወደ ዲ ኤች ኤ የሚለውጠው እጅግ ጥቂቱን ብቻ ነው። ዓሣ ከዚህ በቀር ገንቢ ምግብን፣ አዮዲንን፣ ደግሞም በእህልና በአትክልት የማይገኘውን ቫይታሚን ቢ 12 ይሰጣል። በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሮም የተሰበሰቡት የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት ሊቃውንት፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝነው፣ በአብዛኛው ሁኔታ ዓሣ የምትበላ እናት ልጅ ፈጽሞ ከማትበላይቱ ልጅ ይልቅ በአንጎል ዕድገቱ እንደሚጠቀም ገልጸዋል።

ይህን ሁሉ ለምራቴ በአንድ ቀን አልነገርኋትም። «ልጄ፣ ያለፈውን በምን እንዳጣሽው እኔም አላውቅም፤ የማይታወቀውን ግን በረኃብ መክፈል አይገባሽም። ሐኪምሽ የሰጠሽን ወረቀት ባልሽ ያንብብልኝና አብረን እንየው» አልኋት። ልጄም የዓሦቹን ስም እያነበበ፣ እርስዋ የምትደፍረውንና የማትደፍረውን እየነገረችኝ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሰርዲንና ከሳልሞን ጀመረች። ከሽሪምፕ፣ ከክራብና ከሌሎቹም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እንደተጻፈው ክንፍና ቅርፊት ከሌላቸው መራቋ አንዳች አላጎደለባትም፤ ሰርዲኑም ሳልሞኑም ቅርፊት ያላቸው ናቸው። በአገራችንም ብዙ ቤተሰብ አምባዛን ቅርፊት የለውም ብሎ ይተዋል፤ ቆሮሶ እስካለ ድረስ በዚህ ነፍሰ ጡሯ የምታጣው ነገር የለም።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። እዚህ ላይ የብዙ ቤት ጭንቀት የሆነ ጥያቄ ይነሣል። በጾም ወራት ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም ስለሚለው ነገር መልስ የሚሰጡት የቤተ ክርስቲያን አባቶች እንጂ እንደ እኔ ያለች ምእመን አይደለችም። አንድ ነገር ግን በድፍረት እናገራለሁ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ጾሟን በራሷ ፈቃድ ብቻ መያዝም መፍታትም የለባትም። የንስሐ አባት የተሰጠን ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያን እናት ናትና፣ እርጉዝን፣ አራስንና ሕመምተኛን እንደ ዐቅማቸው ታያቸዋለች። ብዙ ሴቶች ግን ጎረቤት እንዳያማቸው፣ ወይም የባል እናት እንዳትታዘባቸው ብለው፣ አባታቸውን ሳይጠይቁ በሽሮና በእንጀራ ብቻ ሁለት ወር ያህል ይቆያሉ። ምራቴ የሐኪሟን ወረቀት ይዛ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። እርሳቸውም የደረሰባትን ሰምተው፣ ለራሷና ለፅንሷ የሚያስፈልጋትን እንድትመገብ ፈቀዱላት፤ ስለ ጾሟም ፈንታ ጸሎትና ምጽዋት አዘዙላት። ከዚያ በኋላ ስትበላ የፈራችው ነገር አልነበረም።

አሁን ስለ ሐዋሳው ባል የተናገርሁትን ልፈጽም። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 የማኑሄ ሚስት ሶምሶንን እንደምትፀንስ መልአኩ ሲያበሥራት፣ ከወይንና ከሚያሰክር መጠጥ፣ ከርኩስም ምግብ እንድትጠበቅ አዘዛት። ማኑሄም በጸሎት ለምኖ መልአኩ ዳግመኛ በመጣ ጊዜ፣ ስለሚወለደው ልጅ ምን ማድረግ እንደሚገባ ጠየቀ። የተሰጠውም መልስ ያው ለሚስቱ የተነገረው ነበር። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የምደነቅበት ነገር አለ፤ የሚፀነሰው በእርስዋ ማኅፀን፣ የምትጠበቀውም እርስዋ ሆና ሳለች፣ ትእዛዙ ለባልዮውም ተደገመለት። የነፍሰ ጡር ማዕድ የእርስዋ የብቻዋ ጭንቀት እንዳይሆን ነው ብዬ አስባለሁ። ሴቲቱ የምትበላውን ሁሉ ብቻዋን እየፈራች፣ ብቻዋን እየመረጠች፣ ጥፋት ቢገኝም ብቻዋን እየተወቀሰች ልትኖር አይገባም። ዓሣውን የሚገዛው ባል፣ የምታበስለው እናት ወይም አማት፣ አብሯት የሚበላው ቤተሰብ ሁሉ ይህን ሸክም ይካፈላት።

ስለዚህ ገበያ የሚወርድ ሰው የዓሣው ዓይን የጠራ፣ ስንጥቡ የቀላ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ፣ ሽታውም ያልከፋ መሆኑን አይቶ ይግዛ። ወደ ቤት ሲመጣ በፀሐይና በሞቃት መኪና ውስጥ አያቆየው፤ ዓሣ ከማቀዝቀዣ ወይም ከበረዶ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ በቆላ ሙቀት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። የምታበስለውም ጥሬ ዓሣ የቆረጠችበትን ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና ሳታጥብ ሰላጣ አትክተፍበት፤ እጅዋንም ትታጠብ። ተርፎ ያደረውን ዓሣ ነፍሰ ጡሯ ስትበላው እንፋሎቱ እስኪወጣ ድረስ ይሙቅላት። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሐሳብን ከእርስዋ ጋር ማድረግን ብቻ ነው።

የእኅቴ ልጅ በሚያዝያ ወር ወንድ ልጅ ወለደች፤ ምራቴም በሐምሌ ወር ሴት ልጅ ታቀፈች። እርሱ በ40 ቀኑ፣ እርስዋ በ80 ቀኗ ክርስትና ተነሡ። ይህን የሰጠው የዓሣው ጉዳይ ነው አልልም፤ ሕይወት የእግዚአብሔር ስጦታ ናት፤ ተጠንቅቀው ያጡም ብዙ እናቶች አሉና በእነርሱ ላይ ማንም አይፍረድ። ለእኛ የተሰጠን ሥራ በዓይናችን የሚታየውን እሾህ ለቅመን፣ የማይታየውንም ጠይቀንና አውቀን፣ ማዕዱን ለእናቲቱ ማቅናት ነው። በየቤቱ በተስፋ የሚጠባበቁትን ሁሉ እመቤታችን ማርያም በሽልም ታውጣቸው።